አራስ ልጃችን ሌሊት የት ይተኛ?

(ለክሊኒካችን ተገልጋዮች በጠዋቱ የጤና ትምህርት ጊዜ በአዋላጅ ነርስ የተሰጠ ትምህርት)



ልጅ ሊወለድ ሲል በየቤቱ ብዙ ይመከራል፡፡ ስለ ገንፎ እህሉ፣ ስለ ቅቤው፣ ስለ መታቀፊያው ጨርቅ፣ አራሷን ማን እንደሚያርሳት ሳይቀር ይታሰባል፡፡ «ሌሊት የት እናስተኛው?» ብለው አስቀድመው የሚመካከሩ ባልና ሚስት ግን ጥቂት ናቸው፡፡ አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ የሚወሰነው እናቲቱ ደክማ ከወሊድ በተመለሰችበት ማታ፣ ቤቱ በጠያቂ ተሞልቶ ሳለ ነው፡፡ በዚያች ማታ የተደረገውም ልማድ ሆኖ ይቀራል፡፡

አዲስ የተወለደ ሕፃን ከ24 ሰዓት ውስጥ ከ14 እስከ 17 ሰዓት ያህል ይተኛል፡፡ ይህን ያህል ጊዜ የሚያሳልፍበት ቦታ ደኅንነቱ የተጠበቀ መሆን አለበት፡፡ የዛሬው ትምህርት በአጭሩ ሲጠቀለል እንዲህ ነው፤ ክፍሉ ከወላጆቹ ጋር አንድ ይሁን፣ መኝታው ግን የራሱ ይሁን፡፡ ይህ ለምን እንደሆነና በእኛ ቤት፣ በእኛ አቅም እንዴት እንደሚደረግ አንድ በአንድ እንመለከታለን፡፡

አደጋው ከየት ይመጣል?

አራስ ሕፃን አንገቱ አልጠነከረም፡፡ አፍንጫው በትራስ፣ በጋቢ ወይም በሰው አካል ቢሸፈን ራሱን አንሥቶ ማዞር፣ የሸፈነውንም ነገር በእጁ መግፋት አይችልም፡፡ ፊቱ በጨርቅ ውስጥ ሲቀበር ያስወጣውን የተቃጠለ አየር መልሶ ይስባል፡፡ ከሁሉ የሚያስፈራው ደግሞ ሲታፈን ድምፅ አለማሰማቱ ነው፡፡ እናቱ «ቢጨንቀው ያለቅስ ነበር» ብላ ትተኛለች፤ እሱ ግን ለማልቀሻ የሚሆን ትንፋሽ የለውም፡፡

ምክንያቱ በውል ሳይታወቅ ሕፃናት በእንቅልፍ ላይ ሳሉ በድንገት የሚሞቱበትም ጊዜ አለ፡፡ እንዲህ ያለ ሐዘን በአንድ ቤት ሲደርስ አንዳንዱ በዓይን፣ አንዳንዱ በመንፈስ ያሳብባል፡፡ የባሰው ደግሞ «ተጭናው ነው» ብሎ በእናቲቱ ሐዘን ላይ ሌላ ሐዘን ይደርብባታል፡፡ ይህን ዓይነቱን ሞት ፈጽሞ ማስቀረት ባይቻልም፣ በአተኛኘት ብቻ በእጅጉ መቀነስ እንደሚቻል ግን በሚገባ ታውቋል፡፡

በጀርባው አስተኙት

በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1991 መጨረሻ ላይ ወላጆች ሕፃናትን በሆዳቸው ማስተኛት ትተው በጀርባቸው እንዲያስተኙ ሰፊ ትምህርት ተሰጠ፡፡ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በእንቅልፍ ላይ በድንገት የሚሞቱት ሕፃናት ቁጥር ከግማሽ በላይ ቀነሰ፡፡ በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1994 ተመሳሳይ ዘመቻ ተጀምሮ ብዙ ሕፃናት ተርፈዋል፡፡ ይህን ያህል ሕይወት ያተረፈው አዲስ መድኃኒት ወይም ውድ መሣሪያ አይደለም፤ ልጁን ገልበጥ አድርጎ በጀርባው ማስተኛት ነው፡፡

እዚህ ላይ እናቶች ዘወትር የሚጠይቁን አንድ ጥያቄ አለ፡፡ «ሲስተር፣ በጀርባው ተኝቶ ቢያቀረሽ ትን አይለውም ወይ?» ይሉናል፡፡ ጥያቄው ተገቢ ነው፡፡ ነገር ግን የአካላችን አሠራር መልሱን ይሰጠናል፡፡ ሕፃኑ በጀርባው ሲተኛ የአየር ቧንቧው ከላይ፣ የምግብ ቧንቧው ከታች ይሆናሉ፡፡ ያቀረሸው ወተት ሽቅብ ወጥቶ ወደ አየር ቧንቧው መግባት ያስቸግረዋል፤ መልሶ ይውጠዋል ወይም በአፉ ይወጣል፡፡ በሆዱ ሲተኛ ግን ነገሩ ይገለበጣል፡፡ ስለዚህ ጡት ከጠባ በኋላ ጥቂት ቀና አድርጋችሁ ታቅፋችሁ አስገሱት፤ ከዚያም በጀርባው አስተኙት፡፡

በጎን ማስተኛትም አስተማማኝ አይደለም፤ ሕፃኑ ሳይታሰብ ወደ ሆዱ ሊገለበጥ ይችላል፡፡ «ጭንቅላቱ ይጠፈጠፋል» ብላችሁ የምትሰጉ ደግሞ፣ ነቅቶ ሳለ እናንተ እያያችሁት በሆዱ እያስተኛችሁ አጫውቱት፡፡ አንገቱም ትከሻውም ይጠነክርለታል፡፡

ለምን በአጠገባችን?

ሕፃኑ በአጠገብ ሲተኛ እናት መራቡን ከማልቀሱ በፊት ታውቃለች፡፡ አፉን ወዲያና ወዲህ ሲያዞር፣ እጁን ሲጠባ ትሰማለች፡፡ እሱም ብዙ ሳያለቅስ፣ እሷም ብዙ ሳትደክም ጡት ይሰጠዋል፡፡ በሌሊት ማጥባት ደግሞ ወተቱ እንዳይቀንስ ያደርጋል፡፡ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ ሕፃን ቢያንስ እስከ 6 ወሩ በወላጆቹ ክፍል ውስጥ፣ ነገር ግን በራሱ መኝታ ላይ እንዲተኛ መክሯል፡፡ በእኛ አገር ልጅን ለብቻው በሌላ ክፍል ማስተኛት ልማዳችን ስላልሆነ፣ የምክሩን ግማሽ ቀድሞውንም እየሠራንበት ነው ማለት ይቻላል፡፡ የሚቀረን መኝታውን መለየት ነው፡፡

ምን ዓይነት መኝታ ይዘጋጅ?

የሕፃን መኝታ የግድ ውድ መሆን የለበትም፡፡ የፊንላንድ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ አቅም ለሌላቸው እናቶች፣ ከ1949 ጀምሮ ደግሞ ለእናቶች ሁሉ የሕፃን ልብስ ማደል ጀመረ፡፡ የልብሱ መያዣ ካርቶን ትንሽ ፍራሽ ተጨምሮበት የብዙ ሕፃናት የመጀመሪያ አልጋ ሆኗል፡፡ በኒውዚላንድም የማኦሪ ሕዝብ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ከአገሩ ቃጫ የተሠራ የሕፃን ቅርጫት አዘጋጁ፡፡ ቅርጫቱ በወላጆቹ አልጋ ላይ የሚቀመጥ በመሆኑ ልጁ ከእናቱ ሳይርቅ የራሱ ቦታ ይኖረዋል፡፡ ስፌትና ቅርጫት ለእኛም እንግዳ አይደለም፡፡ የቀርከሃ ሠራተኞቻችን በሚገባ ከታዘዙ እንዲህ ያለውን ቅርጫት መሥራት አያቅታቸውም፡፡

ቅርጫትም ሆነ የእንጨት አልጋ ስታዘጋጁ የሚከተሉትን ተመልከቱ፡፡

አንደኛ፣ ፍራሹ ጠንከር ያለና ዝርግ ይሁን፡፡ በመዳፋችሁ ተጫኑት፡፡ እጃችሁ ከሰመጠ ወይም ካነሣችሁ በኋላ ጉድጓድ ሆኖ ከቀረ ለሕፃን አይሆንም፡፡ ያረጀ ስፖንጅ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፡፡ አንሶላው ተወጥሮ የገባ፣ የማይጨማደድ ይሁን፡፡

ሁለተኛ፣ ፍራሹ መኝታውን ልክክ ብሎ ይሙላ፡፡ በፍራሹና በጎኑ መካከል ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካለ የሕፃን ፊት ሊወሸቅበት ይችላል፡፡

ሦስተኛ፣ ለአናጢ የምታዙ ከሆነ በርብራቦቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ6 ሳንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ንገሩት፡፡ ከዚያ ከሰፋ ሰውነቱ ሾልኮ ጭንቅላቱ ሊያዝ ይችላል፡፡ ምስማርና ስንጥር እንዳይኖርም በእጃችሁ ዳስሱት፡፡

አራተኛ፣ በመኝታው ውስጥ ከሕፃኑ በስተቀር ምንም አይኑር፡፡ ትራስ፣ የተጠቀለለ ጋቢ፣ አሻንጉሊት፣ ዙሪያውን የተደረደረ ልብስ አያስፈልግም፡፡ «እንዳይወድቅ» ተብሎ በየጎኑ የሚደረደረው ትራስ መጠበቂያ ይምሰል እንጂ ማፈኛ ነው፡፡

አምስተኛ፣ መቀመጫው ሰፊና የማይነቃነቅ ይሁን፡፡ ቅርጫትን በወንበር ወይም በሚወዛወዝ ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጡ፡፡ ልጁ መገላበጥ ወይም በእጁ ተደግፎ ቀና ማለት ሲጀምር የቅርጫቱ ጊዜ አብቅቷል፤ ወደ ትልቅ አልጋ ይዛወር፡፡

ከወላጆች አልጋ ጋር የሚገጠመውስ?

አንድ ጎኑ ክፍት ሆኖ ከእናቲቱ አልጋ ጋር የሚያያዝ የሕፃን አልጋ ለማጥባት በጣም ይመቻል፡፡ ይሁንና በትክክል ካልተገጠመ አደጋ አለው፡፡ የሁለቱ ፍራሾች ከፍታ እኩል መሆን አለበት፡፡ የሕፃኑ አልጋ ከትልቁ አልጋ ጋር በጠንካራ ማሰሪያ ታስሮ በመካከላቸው ምንም ክፍተት እንዳይኖር ያስፈልጋል፡፡ ክፍተቱን በጨርቅ መጠቅጠቅ መፍትሔ አይሆንም፤ ጨርቁ ይለቃል፣ ልጁም ይሰምጣል፡፡ ማሰሪያውን በየማታው ጎትታችሁ ፈትሹ፡፡

ከውጭ አገር በዘመድ የተላከ ወይም አገልግሎ የተገዛ አልጋም በጥንቃቄ ይታይ፡፡ ከባሕር ማዶ የመጣ ሁሉ አስተማማኝ አይደለም፡፡ በአሜሪካ አንድ ጎኑ ወደ ታች እየተንሸራተተ የሚከፈት የሕፃን አልጋ ሕፃናት ከሞቱበት በኋላ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ እንዳይሸጥ ተከልክሏል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ሕግ ደግሞ ተዳፋት የሆነ የሕፃን መኝታና በአልጋው ዙሪያ የሚታሰረው ድልድል ጨርቅ ታግደዋል፡፡ እንዲህ ያለ ዕቃ በቤታችሁ ካለ፣ ላኪውን አመስግናችሁ ዕቃውን ከሕፃኑ አርቁት፡፡

ቤታችን አንድ ክፍል ቢሆንስ?

ይህ የብዙዎቻችን ኑሮ ነው፡፡ እንበል፣ ባልና ሚስት በአንዲት የኪራይ ክፍል ይኖራሉ፡፡ አንድ አልጋ አለ፤ የ3 ዓመት ልጅ አለ፤ አራሷን ልታርስ የመጣችው የባል እናትም አሉ፡፡ በዚህ ላይ አራስ ተጨመረ፡፡ አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው እናቲቱ፣ አራሱና ትልቁ ልጅ በአንድ አልጋ ላይ መደራረብ ነው፡፡ ትልቁ ልጅ ግን ተኝቶ ሲራገጥና ሲንከባለል አጠገቡ ሕፃን መኖሩን አያውቅም፡፡

እንዲህ ብናደርገውስ? ትልቁ ልጅ ከአባቱ ወይም ከአያቱ ጋር መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ይተኛ፡፡ እናቲቱ በአልጋው ዳር፣ የሕፃኑ ቅርጫት ደግሞ እጇ በሚደርስበት በኩል፣ አራቱም ጎኑ በሚያርፍበት ሰፊ መደብ ላይ ይሁን፡፡ ትልቁ ልጅ ግን «አዲሱ ልጅ አባረረኝ» እንዳይል፣ መኝታው የሚለወጠው ሕፃኑ ከመወለዱ ከአንድ ከሁለት ወር በፊት ቢሆን መልካም ነው፡፡

አልጋችን ላይ ቢተኛስ?

አንዳንዱ ቤተሰብ ሌላ ምርጫ የለውም፡፡ ሌላው ደግሞ ሳያስበው እያጠባ እንቅልፍ ይወስደዋል፡፡ ስለዚህ በግልጽ እንነጋገር፡፡

ሕፃኑ ጊዜው ሳይደርስ ወይም ከ2 ኪሎ ተኩል በታች ሆኖ ከተወለደ፣ እናት ወይም አባት ሲጋራ የሚያጨስ ከሆነ፣ ከሁለቱ አንዱ መጠጥ ከጠጣ ወይም እንቅልፍ የሚያመጣ መድኃኒት ከወሰደ፣ ከሕፃኑ ጋር በአንድ አልጋ መተኛት ፈጽሞ አይገባም፡፡ «ወተት ያመጣል» ተብሎ ለአራሷ የሚቀርበው ጠላም መጠጥ ነው፤ አጥሚቱ ይበቃታል፡፡ ሶፋ ላይ ታቅፎ መተኛት ከአልጋም የባሰ አደጋ ነው፤ ሕፃኑ በመደገፊያው መካከል ይወሸቃል፡፡ ሌሊት እንቅልፍ እንደሚጥላት የምትፈራ እናት ከሶፋ ይልቅ በተዘጋጀ አልጋ ላይ ብታጠባ ይሻላል፡፡

የአልጋው ፍራሽ ጠንካራ ይሁን፡፡ ሽቦው የረገበ አልጋ ሕፃኑን ወደ እናቱ ሥር ያንከባልለዋል፡፡ ትራስና ከባድ ብርድ ልብስ ከልጁ ይራቁ፤ የእናቲቱ ልብስ ከወገቧ በላይ አይሳብ፡፡ ሕፃኑ በባልና በሚስት መካከል ሳይሆን በእናቱ በኩል፣ በጀርባው ይተኛ፡፡ በአልጋውና በግድግዳው መካከል ክፍተት አይኑር፡፡ ነቃ እንዳለችም ወደ ራሱ መኝታ ትመልሰው፡፡

ብርድ፣ ከሰልና አጎበር

ብርድን ፈርተን ሕፃኑን ከራሱ እስከ እግሩ በጋቢ እንሸፍናለን፡፡ ከዓይን ለመሰወር የሚሸፍኑም አሉ፡፡ ከሰው ዓይን መሰወር ካስፈለገ በክፍሉ መጋረጃ ይጋረድ፤ የልጁ ፊት ግን ይገለጥ፡፡ ትልቅ ሰው ከለበሰው አንድ ድርብ ጨምሮ ማልበስ ይበቃዋል፡፡ መሞቁን ለማወቅ ደረቱን ወይም ማጅራቱን ዳስሱ፤ እጁ ቀዝቃዛ ቢሆን አያስደንግጣችሁ፡፡ ደረቱ ካላበው ልብሱ በዝቷል፡፡ ብርድ ልብስ ካስፈለገ ቀጭን ሆኖ ከብብቱ በታች ይሁን፣ ጫፉም ከፍራሹ ሥር ይወሸቅ፡፡

ክብደቱ አነስተኛ ሆኖ የተወለደ ሕፃን ከሁሉ የሚሻለው ሙቀት የእናቱ ገላ ነው፡፡ የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ምክር እንዲህ ያሉ ሕፃናት ከተወለዱበት ሰዓት ጀምሮ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት በእናታቸው ደረት ላይ፣ ገላ ለገላ ሆነው እንዲቆዩ አሳስቧል፡፡ አስተሳሰሩንና እናቲቱ ቀና ብላ የምትተኛበትን ሁኔታ ግን ከጤና ባለሙያ ሳትማሩ አትጀምሩ፡፡

ለጠያቂ ቡና ተፈልቶ፣ ዕጣን ተጪሶ፣ በስተመጨረሻ «ቤቱን ያሙቅ» ተብሎ የከሰል ምድጃውን በተዘጋ ክፍል ውስጥ ማሳደር ለመላው ቤተሰብ ሞት ነው፡፡ ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፡፡ ከመተኛታችሁ በፊት ምድጃው ከነፍሙ ወደ ውጭ ይውጣ፡፡

ወባ ባለባቸው ከተሞች የምትኖሩ ደግሞ የሕፃኑ መኝታ አጎበር ውስጥ የሚገባ መሆኑን አስቀድማችሁ ለኩ፡፡ አጎበሩ ተወጥሮ ይሰቀል፤ ላልቶ ፊቱ ላይ እንዳይወድቅ ጠርዙ ከፍራሹ ሥር ይወሸቅ፡፡

የአባት ድርሻ

አንዳንድ አባት «እኔ ማጥባት አልችል፤ ምን ላድርግ?» ይላል፡፡ ሥራው ብዙ ነው፡፡ አናጢውን ማዘዝ፣ ማሰሪያውን መፈተሽ፣ ከሰሉን ማውጣት፣ እናቲቱ አጥብታ ስትጨርስ ልጁን ተቀብሎ ማስገሳትና በጀርባው ማስተኛት የአባት ሊሆን ይችላል፡፡ እናቱ ወይም አማቱ «እኛ እናንተን በሆዳችሁ አስተኝተን አላሳደግንም ወይ?» ቢሉም በአክብሮት የሚያስረዳው እሱ ይሁን፡፡ አራሷ ከአማቷ ጋር ክርክር ውስጥ እንድትገባ አይተዋት፡፡ ከቻላችሁ እናቶቻችንን ይዛችኋቸው ወደ ክሊኒክ ኑ፤ እኛ እንነግራቸዋለን፡፡

ከቤተሰብ ምጣኔ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ሕፃኑ በአጠገብ ተኝቶ ሌሊትም መጥባቱ እርግዝናን ለማዘግየት ይረዳል፡፡ ይህ የሚሠራው ግን ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ብቻ ነው፡፡ ልጁ 6 ወር ያልሞላው መሆን አለበት፤ የእናቲቱ የወር አበባ ተመልሶ ያልመጣ መሆን አለበት፤ ልጁም ሌላ ነገር ሳይጨመርለት ጡት ብቻ፣ በቀን ከ4 ሰዓት በሌሊት ከ6 ሰዓት ሳይበልጥ እየጠባ መሆን አለበት፡፡ እ.ኤ.አ. በ1988 በጣልያን አገር ቤላጂዮ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ሦስቱ ሲሟሉ ዘዴው ከ98 በመቶ በላይ እንደሚከላከል ተስማምተዋል፡፡ ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ግን መተማመኛ የለውምና ወዲያው ሌላ ዘዴ ለመምረጥ ወደ እኛ ኑ፡፡ ለምታጠባ እናት የሚስማሙ ዘዴዎች አሉ፡፡

የዓለም የጤና ድርጅት አንዲት እናት ከወለደች በኋላ ለሚቀጥለው እርግዝና ቢያንስ 24 ወር እንድትቆይ ይመክራል፡፡ አንዱ ከጡት ሳይወርድ ሌላው ሲደርስ ወተቱም፣ የእናቲቱ ጉልበትም፣ ያች አንዲት አልጋም ይጠብባሉ፡፡

በመጨረሻም ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ባልና ሚስት ሆናችሁ መኝታውን አብራችሁ እዩት፡፡ ፍራሹ አይሰምጥም? ትራሱ ወጥቷል? ክፍተት የለም? የልጁ ፊት ተገልጧል? ከሰሉ ከቤት ወጥቷል? ሌሊት ሲነሣ ማን ምን ያደርጋል? ገና ያልወለዳችሁም መኝታውን ከመውለጃችሁ ወር በፊት አዘጋጁ፡፡ በቤታችሁ ሁኔታ ያስቸገራችሁ ነገር ካለ፣ ከትምህርቱ በኋላ እዚሁ ስለምቆይ ቀርባችሁ ጠይቁኝ፡፡